ለኢንቨስትመንት አማካሪነት ፈተና ከአዳማ ሆኖ መዘጋጀት፦ የትኛው መንገድ ለማን ይሆናል?

ጥቅምት 2017 ኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን መሸጥ ሲጀምር፣ አዳማ በምሠራበት የባንክ ቅርንጫፍ ያልለመድነው ጥያቄ መጣብን። ገንዘብ ሊያስገቡ የመጡ ደንበኞች ደረሰኛቸውን ተቀብለው አይሄዱም። "አንዱ 300 ብር ነው አሉ። ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?" ይላሉ። እህል የሚነግዱ አንዲት እናት "ልጄ፣ አንቺ ባንክ ነሽ፣ ታውቂያለሽ" አሉኝ። አላውቅም ነበር። የአካውንቲንግ ዲግሪ አለኝ። ግን አንድ አክሲዮን በዋጋው ልክ ነው ወይስ ተወዷል ብዬ የምፈርድበት ትምህርት አልነበረኝም።

ጥር 2017 ደግሞ አክሲዮንና መሰል ሰነዶች የሚገዙበትና የሚሸጡበት የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ተከፈተ። ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ባንክ፣ ኢንሹራንስና ኦዲት ቤት የሚሠሩ የአዳማ ጓደኞቼ "እኔም ፈተናውን ልውሰድ" ይሉኛል። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ሁሌም ያው ነው። አዲስ አበባ ክላስ ልግባ? ኦንላይን ኮርስ ልግዛ? ወይስ እዚሁ በራሴ ላንብብ?

እኔ ሲኤፍኤ የሚባለውን ዓለም አቀፍ የኢንቨስትመንት ባለሙያዎች ፈተና ደረጃ አንድን ሁለት ጊዜ ተፈትኛለሁ። የመጀመሪያውን ቅዳሜ ቅዳሜ አዲስ አበባ እየተመላለስኩ ተዘጋጅቼ ወደቅኩ። ሁለተኛውን አዳማ ቁጭ ብዬ አለፍኩ። ይህን ስል ክላስ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ክላስ የሚያዋጣቸው ሰዎች አሉ፣ እነማን እንደሆኑ ከታች እናገራለሁ። ግን ከሁለቱ ሙከራዎች አንድ ነገር ጠንቅቄ አውቄያለሁ። የዝግጅት መንገድ የሚመዘነው ስንት ሰዓት ትምህርት በመስጠቱ አይደለም። ስንት ጥያቄ በእጃችሁ እንድትሠሩና የተሳሳታችሁትን እንድታርሙ በማድረጉ ነው።

ከመንገዱ በፊት ፈተናው

ብዙ ሰው "የአማካሪነት ፈተና" ሲል የተለያዩ ነገሮችን ይደባልቃል። ስለዚህ መጀመሪያ እነሱን እንለይ።

ሲኤፍኤ ሦስት ደረጃ አለው። ደረጃ አንድ 180 ጥያቄ ነው፣ በሁለት ክፍለ ጊዜ ተከፍሎ ይሰጣል። እያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ 90 ጥያቄ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ይይዛል። ለአንድ ጥያቄ 90 ሰከንድ ይደርሳችኋል ማለት ነው። ምርጫዎቹ ሦስት ናቸው፣ መሳሳት ነጥብ አይቀንስም። ፈተናውን የሚያዘጋጀው ተቋም ራሱ ለአንድ ደረጃ ወደ 300 ሰዓት ጥናት ይመክራል። የሚያልፈው ሰው ብዙውን ጊዜ ከተፈታኙ ግማሽ አይሞላም። ሦስቱን ደረጃዎች ጨርሶም የማዕረጉ ባለቤት ለመሆን ቢያንስ በ36 ወር ውስጥ የተጠራቀመ የ4,000 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠየቃል። ረጅም መንገድ ነው። በደንብ ለገባበት ሰው ግን በየትኛውም አገር ይታወቃል።

ሲአይኤስአይ የኢንቨስትመንት ሙያተኞችን የሚፈትን የእንግሊዝ ተቋም ነው። ፈተናዎቹ በትንንሽ ክፍል የተከፈሉ ናቸው። ለጀማሪ የሚሆነው የዓለም አቀፍ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ መግቢያ 50 ጥያቄ በአንድ ሰዓት ነው። በርቀት ቁጥጥር፣ ከቤት በኮምፒውተር የሚወሰድበት አሠራርም አለው። ደንበኛ ፊት ለፊት ለሚያገኝ ሰው፣ እኔ ካየሁት፣ ከሲኤፍኤ ይልቅ ቶሎ ሥራ ላይ የሚውል እውቀት ይሰጣል።

ሲሪስ 65 የአሜሪካ የአማካሪነት ፈተና ነው። ስለ ኢንቨስትመንት አማካሪነት ፈተና ዩቲዩብ ላይ ስትፈልጉ ከሁሉም በላይ የሚመጣላችሁ እሱ ነው፣ ለዚህ ነው የማነሳው። ከይዘቱ 30 በመቶው የአሜሪካ ሕግና ደንብ ነው። አዳማ ለሚሠራ ሰው ያ ክፍል ምንም አይጠቅመውም። መንግሥት ወይም ድርጅት ስለሚበደርበት ቦንድ፣ ስለ አክሲዮንና ስለ ደንበኛ ፍላጎት የሚያስተምሩት ቪዲዮዎች ግን ጥሩ ናቸው፣ እነሱን እየመረጣችሁ እዩ።

አንድ ነገር ልድገም፣ ብዙ ሰው ይሳሳትበታልና። ፈተና ማለፍና ፈቃድ ማግኘት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ነው አገልግሎት ሰጪዎችን የሚፈቅደውና የሚቆጣጠረው። የውጭ የምስክር ወረቀት ብቃታችሁን ያሳያል እንጂ ቢሮ ከፍታችሁ በክፍያ አማክሩ አይላችሁም። ስለዚህ የትኛውንም ፈተና ብትመርጡ አዋጁንና የባለሥልጣኑን መመሪያዎች ጎን ለጎን አንብቡ።

ከዚህ በኋላ የምጽፈው በዋናነት ሲኤፍኤ ደረጃ አንድን እያሰብኩ ነው። የሄድኩበት እሱ ስለሆነ ነው። ሲአይኤስአይ ለሚመርጥም ምዘናው ያው ነው፣ ሰዓቱና ገንዘቡ ብቻ ይቀንሳል።

በምን እንመዝን?

ኮርስ ሻጮች የሚያወዳድሩላችሁ በቪዲዮ ብዛትና በመምህር ስም ነው። እኔ በአምስት ነገር አወዳድራለሁ።

የመጀመሪያው ሙሉ ወጪ ነው። ከምዝገባው ሌላ መንገድ፣ ምሳ፣ ኢንተርኔትና ያልሠራችሁበት ቅዳሜ ሁሉ ይቆጠራል። የዶላሩን ነገር አትርሱ። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። የሲኤፍኤ ምዝገባ ከ1,000 ዶላር በላይ ነው። ቀድሞ ለሚመዘገብ ይረክሳል። ድጋሚ መፈተን ማለት ያን ያህል ገንዘብ እንደገና ማውጣት ነው። እንግዲህ ርካሹ ዝግጅት የሚያሳልፋችሁ ዝግጅት ነው።

ሁለተኛው የተጣራ የጥናት ሰዓት ነው። ከሥራ፣ ከቤተሰብ፣ ከመንገድና ከለቅሶ ቤት ተርፎ በእውነት መጽሐፍ ላይ የሚውለው ማለቴ ነው።

ሦስተኛው እርማት ነው። ተሳስታችሁ ስትመልሱ ለምን እንደተሳሳታችሁ የሚነግራችሁ ማነው? አራተኛው መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋ ጥናቱ ይቆማል ወይስ ይቀጥላል የሚለው ነው። አምስተኛው የጊዜ ልምምድ ነው፤ በሰዓት ተለክቶ የሚሠራ ሙሉ የሙከራ ፈተና ስንት አለው?

ከአምስቱ ሁለት ብቻ ምረጪ ብትሉኝ እርማቱንና የተጣራውን ሰዓት እወስዳለሁ።

በራስ ማንበብ

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ለሲኤፍኤ ስትመዘገቡ ሥርዓተ ትምህርቱ፣ የመለማመጃ ጥያቄዎችና የሙከራ ፈተና በዲጂታል አብረው ይሰጧችኋል። ተጨማሪ ምንም ሳትገዙ ማጥናት ትችላላችሁ። ከመንገዶቹ ሁሉ ርካሹ ይህ ነው።

አካውንቲንግ ላነበበ ሰው ደግሞ ይመቻል። የሒሳብ መግለጫ ትንተናው ከፈተናው ከ11 እስከ 14 በመቶ ይይዛል። ባንክ የምንሠራ ሰዎች ዓለም አቀፉን የሒሳብ ሪፖርት ደንብ፣ አይኤፍአርኤስን ስለለመድነው ግማሹን መንገድ ሄደናል። አደጋው የአሜሪካ ደንብም አብሮ መጠየቁ ነው። ለምሳሌ በመጨረሻ የገባው ዕቃ መጀመሪያ ወጣ ብሎ ክምችትን መመዝገብ በአይኤፍአርኤስ ክልክል ነው፣ በአሜሪካው ደንብ ግን ይፈቀዳል። "ይህንንማ አውቀዋለሁ" ብሎ ያለፈ አካውንታንት እዚያ ላይ ይወድቃል።

ችግሩ ብቸኝነት ነው። ሁለት ሳምንት ብታቋርጡ ማንም "ምነው ጠፋሽ?" አይላችሁም። መጽሐፉ ብዙ ሺህ ገጽ ነው። ማንበብ ደግሞ የማወቅ ስሜት ይሰጣል። ምዕራፉን አንብባችሁ ገብቷችሁ ትዘጋላችሁ፣ ጥያቄው ሲመጣ እጃችሁ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ በራሳችሁ የምታጠኑ ከሆነ አንድ ሰዓት ላነበባችሁት አንድ ሰዓት ጥያቄ ሥሩ። እኔ በመጀመሪያው ሙከራ ይህን አላደረግኩም።

ሌላው ቴሌግራም ላይ የሚዞረው አሮጌ ፒዲኤፍ ነው። ሥርዓተ ትምህርቱ በየዓመቱ ይሻሻላል፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ በርከት ያለ ነገር ተቀይሯል። ከዚያ ዓመት ጀምሮ የተግባር ክህሎት ሞጁል የሚባል አለ። አንዱን ካልጨረሳችሁ የፈተና ውጤታችሁ አይሰጣችሁም። በአሮጌ ፋይል የሚያጠና ሰው ይህን እንኳ ሳይሰማ ፈተና ሊቀርብ ይችላል።

ኦንላይን የዝግጅት ኮርስ

የማንንም ስም አልጠራም። በጥቅሉ ሁሉም ሦስት ነገር ይሸጣሉ፦ ቪዲዮ፣ አጭር ማስታወሻና የጥያቄ ባንክ፣ ማለትም ከነመልሱ የተሰበሰበ የመለማመጃ ጥያቄ።

ገንዘባችሁ የሚያዋጣው በጥያቄ ባንኩ ነው። ጥሩ የጥያቄ ባንክ አንድ ጥያቄ ስትሳሳቱ የሦስቱንም ምርጫ ምክንያት ያብራራል። የትኛው ርዕስ ላይ እንደደከማችሁ በመቶኛ ያሳያል። እኔ ቦንድ ላይ ደካማ መሆኔን ያወቅኩት ቁጥሩን ሳየው ነው። እስከዚያ ድረስ የምፈራው ዲሪቬቲቭን፣ ዋጋቸው ከሌላ ንብረት ዋጋ የሚመነጭ ውሎችን ነበር። የፈራሁት ግን ከፈተናው ከ5 እስከ 8 በመቶ ብቻ ነው፣ ቦንድ ከ11 እስከ 14። ለስድስት ሳምንት የማታ ጊዜዬን የተሳሳተ ቦታ አፍስሼ ነበር።

ቪዲዮው ላይ ተጠንቀቁ። ማታ ልጆች ከተኙ በኋላ ሶፋ ላይ ሆኖ ቪዲዮ ማየት ደስ ይላል፣ ያጠናችሁም ይመስላችኋል። መምህሩ ሲፈታ ማየትና ራስ መፍታት ግን አይገናኙም። ከቪዲዮ የምትጠቀሙት ጥያቄ ሞክራችሁ ከወደቃችሁ በኋላ፣ ያቃታችሁን ርዕስ ብቻ ፈልጋችሁ ስታዩ ነው።

የአዳማ ችግር መብራትና ኔትወርክ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ነገር አረጋግጡ፦ ቪዲዮው ስልክ ላይ ወርዶ ያለ ኢንተርኔት ይከፈታል? ማስታወሻውስ መታተም ይችላል? መልሱ አይሆንም ከሆነ ሌላ ፈልጉ። እኔ ለሳምንቱ የሚያስፈልገኝን እሁድ በቢሮ ዋይፋይ አወርድ ነበር። ክፍያውም በዶላር ስለሆነ በውጭ አገር የሚሠራ ካርድ ያስፈልጋል። ይህን ከባንካችሁ ጋር አስቀድማችሁ ጨርሱ፣ በምዝገባው መዝጊያ ሳምንት መሯሯጥ ጥሩ አይደለም።

አዲስ አበባ የቅዳሜ ክላስ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የአዳማ ሰው በብዛት የሚመርጠው ይህን ነው። ከተማው ቅርብ ነው፣ የፍጥነት መንገዱ አለ፣ "አንድ ሰዓት ነው እኮ" እንላለን።

ሒሳቡን እንሥራው። ከቤት ወጥቶ መናኸሪያ፣ ከመናኸሪያ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ እስከ ሜክሲኮ ወይም ቦሌ። መመለሻውም ያው ነው። የእኔ ደርሶ መልስ በጥሩ ቀን 4 ሰዓት ነበር። ትምህርቱም 4 ሰዓት። 16 ቅዳሜ ተመላለስኩ። 64 ሰዓት ተምሬ 64 ሰዓት መንገድ ላይ ዋልኩ። ከሚመከረው 300 ሰዓት ከአምስት አንዱን አስፋልት በላው። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ስለምንሠራም ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ተራ እየተለዋወጥኩ ነበር። የቅዳሜ ድካም እሁድን ይዞ ይሄዳል፣ ያንን ደግሞ ሒሳብ ውስጥ አላስገባሁትም።

ክላሱ ራሱ ምን ሰጠኝ? ያልጠበቅኩት ጥቅም ነበረው። መምህሩ በአማርኛ ሲያስረዳ የአሁን ዋጋ የሚለው ሐሳብ በአንድ ከሰዓት ገባኝ። "ዛሬ የሚሰጥህ 100 ብርና የዛሬ ዓመት የሚሰጥህ 100 ብር አንድ ነው?" ብሎ ነው የጀመረው። በእንግሊዝኛ ሦስት ጊዜ አንብቤው ያልገባኝ ነገር ነው። ፊቱን አይታችሁ የምትጠይቁት ሰው መኖሩም ትልቅ ነገር ነው። ኢንቨስትመንት ባንክ የሚሠሩ ሰዎችንም እዚያ ተዋወቅኩ።

ጉዳቱ አካሄዱ ነው። ክላሱ በራሱ ፍጥነት ይሄዳል። የጀመርንበት ቁጥር ነክ ክፍል ብዙ ቅዳሜ ወሰደ። ቦንድና አክሲዮን ላይ ስንደርስ ጊዜው አለቀና በስላይድ ሮጥን። ሥነ ምግባሩን "ራሳችሁ አንብቡት" ተባልን። እሱ ደግሞ ከፈተናው ከ15 እስከ 20 በመቶ ነው፣ ከሁሉም ትልቁ ድርሻ። በሰዓት የተለካ ሙሉ የሙከራ ፈተና አንድም አልሠራንም። የፈተናው ቀን ከሰዓት ላይ ጭንቅላቴ ደርቆ ስቀመጥ፣ 180 ጥያቄ በአንድ ቀን ሠርቼ እንደማላውቅ ያን ጊዜ ተገለጠልኝ።

ስለዚህ ክላስ ልትገቡ ካሰባችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። ሥነ ምግባር በስንት ሰዓት ይሸፈናል? ሙሉ የሙከራ ፈተና ስንት ጊዜ ይሰጣል? የየትኛው ዓመት ሥርዓተ ትምህርት ነው? አንድ ቀን ገብቼ ልየው? ለመጨረሻው ጥያቄ እሺ የማይል ቦታ ገንዘባችሁን አትስጡ።

አዳማ ውስጥ የጥናት ቡድን

ሁለተኛው ጊዜ ያሳለፈኝ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። አራት ነበርን። ሁለት የባንክ ሠራተኞች፣ አንድ ኦዲተር፣ አንድ ከአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ኢንጂነር። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከ8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት፣ ፖስታ ቤት አካባቢ ካለው የኦዲተሩ ቢሮ እንገናኛለን። ሌላው ቀን ሁሉም በየቤቱ ያጠናል።

ሕጉን የወሰድነው ከዕቁብ ነው። ዕቁብ የሚጸናው ሁሉም በቀኑ ይዞ ስለሚመጣ ነው። እኛም እያንዳንዳችን በሳምንቱ የተሳሳትናቸውን 10 ጥያቄዎች ይዘን እንመጣለን። ባዶ እጁን የመጣ የቡናውን ይከፍላል። አዲስ ነገር በቡድን አናነብም፣ ስህተት ብቻ ነው የምናርመው። ያቃተኝን ጥያቄ ኢንጂነሩ ያስረዳኛል፣ የእሱን የሒሳብ መግለጫ ጥያቄ እኔ አስረዳዋለሁ። ሰው ሲያስተምር ያላወቀው ነገር ይገለጥለታል።

አንድ እሁድ መንግሥት ለአጭር ጊዜ በሚበደርበት የግምጃ ቤት ሰነድ ላይ ተከራከርን። 100 ብር የሚከፍል የ364 ቀን ሰነድ በ86 ብር ቢሸጥ ትርፉ ስንት በመቶ ነው? ሦስታችን "14" አልን። ኦዲተሩ ግን "ከኪሳችሁ የወጣው ስንት ነው?" አለን። 86 ነው። 14 ለ86 ሲካፈል ወደ 16.3 በመቶ ይመጣል። ፈተናው ሁለቱንም ቁጥር ምርጫ ውስጥ ያስቀምጣቸዋል፣ የተጠየቀው የትኛው እንደሆነ መለየት የእናንተ ነው። ያን ቀን ከተከራከርን በኋላ ማናችንም አልረሳነውም።

ሥነ ምግባሩንም ወደ ራሳችን ሕይወት አመጣነው። የባንካችሁ የትርፍ ድርሻ ከመገለጹ በፊት በስብሰባ ሰማችሁ እንበል። አጎታችሁ አክሲዮኑን ሊሸጥ ነው። ትነግሩታላችሁ? በእኛ ባህል ለአጎት አለመንገር ነውር ይመስላል። በፈተናው መልሱ አንድ ነው፦ ያልተገለጠ ወሳኝ መረጃ ይዞ መነገድም፣ ለሌላ ሰው ማቀበልም ክልክል ነው። በዚህ ብቻ አንድ ሙሉ እሁድ አለቀ። ያጠፋነው ጊዜ አይደለም።

ቡድን የሚፈርስበት መንገድም አለው። አራቱም ያልገባቸው ርዕስ ላይ አራቱም በአንድነት ይሳሳታሉ። ለዚህ ቢያንስ አንዱ ማብራሪያ ያለው የጥያቄ ባንክ መያዝ አለበት። ከአምስት ሰው በላይ ሲሆን ደግሞ ጨዋታ ይበዛል። የፈተና ቀኑ የተለያየ ሰው አታስገቡ፣ ቀድሞ የተፈተነው ሲወጣ የቀሩት ይበተናሉ።

የግል አስጠኚን በተመለከተ ብዙ የምለው የለም። ለአንድ የከበደ ርዕስ ሦስት አራት ቀን ጥሩ ነው፣ ለሙሉ ዝግጅት ግን ውድ ነው።

በአንድ እይታ

| መመዘኛ | በራስ ማንበብ | ኦንላይን ኮርስ | የአዲስ አበባ ክላስ | የአዳማ ቡድን |
|---|---|---|---|---|
| ከምዝገባ ሌላ ወጪ | ከሞላ ጎደል የለም | መካከለኛ፣ በዶላር | ከፍተኛ፣ መንገድ ተጨምሮ | ቡናና ወረቀት |
| የተጣራ ሰዓት | ብዙ፣ ዲሲፕሊን ካለ | ብዙ | ከሁሉም ያነሰ | ብዙ |
| እርማት | ደካማ | ከሁሉም ጠንካራ | በመምህሩ ይወሰናል | ጠንካራ፣ የጥያቄ ባንክ ካለ |
| መብራት ሲጠፋ | በታተመ ወረቀት ይቀጥላል | ካላወረዱት ይቆማል | ብዙ አይነካውም | ይቀጥላል |
| የሰዓት ልምምድ | ራስን ማስገደድ ይጠይቃል | ጥሩ | ቀድሞ መጠየቅ | አብሮ መቀመጥ ይቻላል |
| በአማርኛ ማብራሪያ | የለም | የለም | አለ | አለ |

ለማን የቱ?

ባንክ ወይም ኢንሹራንስ የምትሠሩ፣ ልጆች ያሏችሁ፣ ወጪውን ከደመወዛችሁ የምትሸፍኑ ከሆነ፦ በምዝገባ የሚሰጠውን ትምህርት ያዙ፣ ሦስት ሰው ፈልጋችሁ ቡድን መሥርቱ፣ ገንዘብ ከተረፈ የጥያቄ ባንክ ብቻ ግዙ። ቪዲዮ ያለበትን ሙሉ ጥቅል አትግዙ። ይህ ከሁሉም በላይ የምመክረው ነው።

መሥሪያ ቤታችሁ የሚከፍልላችሁ ከሆነ ሙሉውን ኦንላይን ኮርስ ውሰዱ። ነገር ግን ከገንዘቡ ይልቅ አንድ ነገር ለምኑ፦ ከፈተናው በፊት ባለው የመጨረሻ ሁለት ሳምንት ፈቃድ። ሥራ አስኪያጁ ለኮርስ ከሚከፍለው ብር ይልቅ ያ ሁለት ሳምንት ይጠቅማችኋል።

አዲስ ተመራቂ ሆናችሁ ጊዜ ያላችሁ፣ ገንዘብ ግን የሌላችሁ ከሆነ በሲአይኤስአይ መግቢያ ፈተና ጀምሩ። ወጪው ያንሳል፣ ሙያውን ትወዱት እንደሆነም ቶሎ ታውቃላችሁ። ሲኤፍኤን የምትመኙ ከሆነ የተቋሙን የክፍያ ቅናሽ ስኮላርሺፕ ሳትጠይቁ ሙሉ ዋጋ አትክፈሉ። ማመልከቻው በነጻ ነው፣ ብዙ ሰው ግን አያመለክትም።

ቢዝነስ ያላነበባችሁ፣ ኢንጂነር ወይም መምህር ከሆናችሁ፣ ክላስ የሚያዋጣው ለእናንተ ነው። መሠረቱን በአማርኛ የሚያስጨብጥ ሰው ያስፈልጋችኋል። ግን ለስድስት ወር አትመላለሱ። ለመጀመሪያው ወር ተኩል ሒሳብ መግለጫንና የአሁን ዋጋን ተማሩ፣ ከዚያ ወደ ቡድን ተመለሱ። አዲስ አበባ ዘመድ ያላችሁ ዓርብ ማታ ሄዳችሁ እዚያው ብታድሩ መንገዱ ይቀላል።

የፈተና ወር መምረጥ

ደረጃ አንድ በፈረንጆች የካቲት፣ ግንቦት፣ ነሐሴና ኅዳር አካባቢ ይሰጣል። የትኛው እንደሚሻል ማንም አይነግራችሁም፣ ግን በእኛ አገር ልዩነቱ ሰፊ ነው።

ነሐሴ ለባንክና ለሒሳብ ሰው መጥፎ ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ለፈተናው ሁለት ወር ሲቀረው እናንተ እስከ ማታ ቢሮ ናችሁ። የመጀመሪያውን የተፈተንኩት ነሐሴ ላይ ነው። የካቲት ላይ ደግሞ ገና፣ ጥምቀትና የጥር ሠርግ መጨረሻው ወር ላይ ይደራረባሉ። ሚዜ ከሆናችሁ አለቀ።

ግንቦትን እመርጣለሁ። ኅዳር ላይ ትጀምራላችሁ፣ ዐቢይ ጾም መካከል ላይ ይመጣል። በሁዳዴ ሠርግ የለም፣ ቅዳሜና እሁድ ነጻ ናቸው። ረመዳን የምትጾሙ ከሰሁር በኋላ ያለውን ሰዓት ተጠቀሙበት። ከቡድናችን አንዱ እንዲያ ነበር ያጠናው፣ ከሁላችን የተሻለ ብዙ ጥያቄ የሠራውም እሱ ነው። የአዳማ ሙቀት ሚያዝያ ላይ ከሰዓት አያስጠናም፣ ስለዚህ ከሌሊቱ 11 ሰዓት መነሳት ልመዱ። በሥራ ቀን አንድ ሰዓት ተኩል፣ በሳምንት መጨረሻ አራት ሰዓት ብታጠኑ በሳምንት 11 ሰዓት ተኩል ነው። በ26 ሳምንት 299 ሰዓት ይሞላል።

የመጨረሻዎቹን አራት ሳምንታት አዲስ ነገር አታንብቡ። በየሳምንቱ አንድ ሙሉ የሙከራ ፈተና፣ ጠዋት 90፣ ከሰዓት 90፣ ስልክ ዘግታችሁ ሥሩ። በማግስቱ እርሙት። እርማቱ ከፈተናው የበለጠ ጊዜ ሊወስድ ይችላል፣ ይውሰድ።

ካልኩሌተር ቀድማችሁ ግዙ። የሚፈቀዱት ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ቢኤ 2 ፕላስና ኤችፒ 12ሲ ብቻ ናቸው። ጣታችሁ ሳያይ እስኪነካው ድረስ ልመዱት። ፓስፖርታችሁንም ከምዝገባው በፊት አዘጋጁ። መታወቂያ አይቀበሉም፣ የሚፈለገው ጊዜው ያላለፈበት ዓለም አቀፍ ፓስፖርት ነው። ስትመዘገቡ ስማችሁን፣ የአባታችሁንና የአያታችሁን ስም ልክ ፓስፖርቱ ላይ እንደተጻፈው በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉ። የእኛ ስም በእንግሊዝኛ አንዴ በአንድ መንገድ፣ ሌላ ጊዜ በሌላ መንገድ ይጻፋል። ዲግሪያችሁ ላይ ያለውን ተዉት፣ ፓስፖርቱን ፊት ለፊት አስቀምጣችሁ ፊደል በፊደል ገልብጡ።